ከገጠመ ይሠራል

ኢራቅ፣ ሞሱል ከተማ ውስጥ ጠጋኙ ዘኑን ሽቦ ሲጥል ያየ ሰው የለም። በማዕቀቡ ዘመን፣ ፊውዝ እንኳ ከውጭ በማይገባበት ጊዜ፣ የማቀዝቀዣ ገመድ ቆርጦ ቴሌቪዥን ያስነሳ ሰው ነው። «ከገጠመ ይሠራል» የምትል አባባል የያዘው ያኔ ነው፤ እሷም ሃያ ዓመት አብልታዋለች። ኮምፒውተር በሚጠግንበት ሱቁ ጥግ አንድ ኬሻ ሙሉ ኬብል ተቀምጧል። የጎረቤት ሱቅ ኤሌክትሪክ ሠሪው ቀይስ፣ «ዘኑን፣ ስትሞት ከፈን አንገዛልህም፤ በዚሁ እንጠቀልልሃለን» እያለ ይተርበዋል።

ኋላ የመጣው ጦርነት ቤቱን ከነሚስቱ ከባሲማ ወሰደበት። የፎቶ አልበማቸው አብሮ ተቃጠለ፤ ስልኩን ሲሸሽ ፍተሻ ላይ ነጠቁት። በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ለማንም ያልነገረው ነገር ደረሰበት። ባሲማ ስትስቅ አንድ ጉንጯ ይሰረጉድ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ ጠፋው። አንድ ቀን ቀኙ ይለዋል፣ በማግስቱ ግራው። ሰው የሚስቱን ፊት ይረሳል? ያሳፍራል እንጂ ይረሳል።

ተስፋው የሰፈሩ አሮጊት ኡም ራኢድ ነበሩ። ሟቹ ባለቤታቸው የሰፈሩን ሰርግ ሁሉ ያነሱ ፎቶግራፈር ነበሩ፤ ጠንቃቃ ስለነበሩ ፎቶዎቹን በሁለት ዲስክ ገልብጠው ነው የሞቱት። ኡም ራኢድ ሁለቱንም በዱቄት ቆርቆሮ ደብቀው ከፍርስራሹ አወጧቸው። አልበሙ የተቃጠለበት ሁሉ እየመጣ ፎቶውን እንዲፈልግባት፣ ዘኑን አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር በነፃ ሊገጣጥምላቸው ቃል ገባ።

ሥራው በሚያልቅበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አሮጊቷ በፎጣ የተሸፈነ ኩባ፣ ሥጋ የተሞላ የስንዴ ድብልብል፣ ይዘውለት መጡና ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«መጀመሪያ የባሲማን ነው የምንከፍተው» አሉት። «ሰርጋችሁ ላይ ባለቤቴ ‹አንቺ ልጅ፣ ትንሽ ኮስተር በይ› ቢላት፣ ሳቋ አልቆም ብሎ ስንት ፎቶ አበላሽታበታለች።»

«ኧረ ኡም ራኢድ፣ የሰው ይቅደም።»

«አንተስ ሰው አይደለህ? ይልቅ ቶሎ በል!»

ቶሎ አለ። ከአሮጌ ተራ የገዛው፣ ለኮምፒውተሯ ኤሌክትሪክ የሚያድለው የኃይል ሳጥን የዲስክ ኬብሉ የለውም። ከኬሻው አንድ መዞ አወጣ፤ የሌላ ሳጥን ኬብል ነው፣ ጫፉ ግን ልክክ ብሎ ገባ። የቮልት መለኪያው ክንዱ ሥር ነበር፤ አላነሳውም። ኬብሉ ሁለት ራስ ስለነበረው ሁለቱንም ዲስኮች ሰካቸውና አበራ።

ጠቅ አለ። ከዚያ የተቃጠለ ሽታ ሱቁን ሞላው።

ቀይስ ሽታውን ተከትሎ ሮጦ ገባ። ኬብሉን ነቅሎ አገላብጦ አየው።

«ይሄ የዚህ ሳጥን ነው?»

«ገጥሟል እኮ» አለ ዘኑን።

«መግጠሙንማ ይገጥማል! የእያንዳንዱ ሳጥን ሽቦ አሰላለፍ ይለያያል አይደል እንዴ! አምስት ቮልት በሚገባበት አሥራ ሁለት ለቀህበታል። ምነው ሁለቱንም ሰካህ፣ አንተ ሰው? ምነው አንዱን እንኳ ብትተው?»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ዘኑን የሚለቅመውም አልተረፈለት። ዲስኮቹ ባግዳድ ተልከው በወሩ ተመለሱ። ውስጣቸው ድረስ ነደዋል፣ ምንም አይወጣቸውም ተባለ።

ራሱ ይዟቸው ወደ ኡም ራኢድ ቤት ሄደ። ይቅርታ ሊል ነበር የሄደው፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ኡም ራኢድ፣ እባክዎ ይንገሩኝ። ባሲማ ስትስቅ የትኛው ጉንጯ ነበር የሚሰረጉደው?»

ሴትየዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ አሰቡ።

«ቀኙ... አይ፣ ግራው። ዘኑን ልጄ፣ እኔ እንጃ። ፎቶው አለ ብዬ እኮ ልብ ብዬ አላየኋትም።»

ዲስኮቹን ከእጁ ተቀብለው ወደ ዱቄት ቆርቆሯቸው መለሷቸው፤ ክዳኑንም ገጠሙት።