አግዳሚው ላይ የተንጠለጠለው ጠፍር

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ በላቸው ወስፌም ቢላዋም አልሰጡኝም። ጎባ ገበያ ዳር ካለው የኮርቻ መሥሪያ ሱቃቸው ፊት አንዲት ግራጫ ባዝራ ታስራ ነበር። ኮርቻዋን አወረዱና እጄን ይዘው ጀርባዋ ላይ አሳረፉት። የእንቁላል ግማሽ የሚያህል እብጠት አገኘሁ፤ ባዝራዋ ተንቀጠቀጠች።

«አማን፣ ይኼ የአንድ ጠማማ ስፌት ሥራ ነው» አሉኝ። «ለሰው ልብስ አበላሽተህ ብትሰፋ ይሰድብሃል። እሷ አትናገርም። ስለዚህ ቀድመህ አንተ እወቅላት።»

ከዚያ መጥረጊያ ሰጡኝ።

በሱቁ ሦስት ዓይነት ሠራተኛ ነበር። ለማጅ ይጠርጋል፣ ጠፍር በሞራ እያሸ ያለሰልሳል። ሰፊ በወስፌና በጅማት ይሰፋል። ቆራጭ ደግሞ ቆዳውን ዘርግቶ የትኛው ወገን ለዛብ፣ የትኛው ለእርካብ ማንጠልጠያ፣ የትኛው ለሆድ ጠፍር እንደሚሆን ይወስናል። የሆድ ጠፍር ማለት በፈረሱ ሆድ ሥር አልፎ ኮርቻውን ጨምድዶ የሚይዘው ነው። እሱ ከተበጠሰ ኮርቻውም ሰውየውም መሬት ናቸው። የሚቆረጠውም ከበሬ ጀርባ ቆዳ ብቻ ነው፤ የሆዱ ቆዳ ይለጠጣል።

ከለማጅ ወደ ሰፊ፣ ከሰፊ ወደ ቆራጭ ለመድረስ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። ቢላዋው እጄ ሲገባ ግን የሚቆረጥ ነገር ጠፋ።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። ቆዳ ገዢዎቹ ከቆላው በጭነት መኪና ወደ ሮቤና ጎባ ይወጣሉ። ባዶ መኪና አይነዱም። መጀመሪያ ላስቲክ ጫማና ብርድ ልብስ አመጡ፤ በኋላ ከውጭ አገር የመጣ የሸራ የሆድ ቀበቶ ጨመሩ። ዘለበቱ ያብረቀርቃል፣ ዋጋው የኛን ግማሽ አይሞላም። ሰፊዎቻችን አንድ በአንድ ሄዱ። እኔ ቆራጭ ተብዬ የቦርሳ እጀታ እጠግን ጀመር። መሬት የለኝም፣ ሌላ ሙያ የለኝም። ሱቁ ከተዘጋ የት እንደምገባ አላውቅም ነበር።

ጠቡ የተነሳው በቆዳ ዋጋ ነው። አንድ የገበያ ቀን ገዢዎቹ ሁሉ ተማክረው አንድ ዓይነት ዋጋ ጠሩ፤ ያውም ከቀድሞው እጅግ የወረደ። ገበሬው እስከ ማታ ጠበቀ፤ ቆዳ ተሸክሞ ከመመለስ ብሎ ሸጠ። በሚቀጥለው ገበያ ደግሞ ዋጋውን ጨርሶ ጣሉት። ያን ጊዜ የሮቤው የእህልና የቆዳ ነጋዴ ሐጂ አደም ሰዉን ሜዳ ላይ ሰበሰቡ።

«ቆዳችንን አንሸጥላቸውም» አሉ። «ዕቃቸውንም አንገዛም። ጫማቸውን፣ ብርድ ልብሳቸውን፣ ቀበቶአቸውን። በዋጋችን እስኪገዙን ድረስ ይኸው ነው። ቶሌ?»

«ቶሌ፣ እሺ» አለ ሜዳው። ዱዓ ተደረገ። ጋሽ በላቸው መስቀላቸውን ይዘው አጠገቤ ቆመው ነበር፤ አሜን ሲባል ከሁላችን የሳቸው ድምፅ በለጠ።

ወዲያው ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት አንድ ጸሐፊ መጣ። አድማ የሚባለው ቃል በዚያ ዘመን ሰው ያሳስር ነበር።

«ሐጂ፣ አድማ መትታችኋል ይባላል» አላቸው።

«የለም ጌታዬ። አልገዛንም ነው ያልነው። ያልገዛ ሰው የሚታሰርበት አዋጅ ካለ ያንብቡልንና እንገዛለን።»

ጸሐፊው ሳቁን ዋጥ አድርጎ ሄደ።

እኛ ጋ ያኔ ሠርግ ሆነ። ከአጋርፋ፣ ከገሰራ፣ ከየመንደሩ ፈረሰኛው የሸራ ቀበቶውን እየጣለ የሆድ ጠፍር ሊያዝዝ መጣ። ቆዳው በየቤቱ ስለተከመረ በርካሽ አገኘን። የሄዱት ሰፊዎች ተመለሱ። ጋሽ በላቸው ያንጎራጉሩ ጀመር፤ ድምፃቸው አያምርም፣ ዝም ብለን ቻልነው።

ችግሩ ቆዳ አይቸኩልም። ይዘፈዘፋል፣ ፀጉሩና ሥጋው ይፋቃል፣ ከዚያ ከተወቀጠ የግራር ልጥ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። ልጡ እስከ መሃሉ እስኪዘልቅ መጠበቅ ነው። እኛ ግን ከቆዳ ፋቂዎቹ እየነጠቅን ማለት ይቻላል ያለጊዜው አወጣነው። አንዱን ቆርጬ ጠርዙን ወደ ብርሃን አዞርኩት። በደንብ የለፋ ቆዳ ጠርዙ ከላይ እስከ ታች አንድ ቀለም ነው። ይኼኛው መሃሉ ላይ ነጣ ያለ መስመር ነበረው። ጥሬ ነው።

ሐጂ አደም ሱቁ ውስጥ ነበሩ። ነገርኳቸው።

«ያ አማን» አሉኝ፣ «ሰዉ ቀበቶውን ጥሎ መጥቷል። ባዶ እጁን ልትመልሰው ነው?»

«ሐጂ፣ ይኼ ዝናብ ሲነካው ይለጠጣል፣ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል።»

«የራሳችን ዕቃ ነው። ሰዉ ይችለዋል።»

«ሰዉ ይችለው ይሆናል፤ ጠፍሩ ግን ሰዉን አይችልም። እኔ አልቆርጠውም።»

ጋሽ በላቸውን አየኋቸው። እሳቸው ደጅ የተሰለፈውን ሰው ያያሉ። «ቢላዋውን አምጣው» አሉኝና ራሳቸው ቆረጡ። ቆሽቴ እያረረ ወስፌ አንስቼ ከሰፊዎቹ ጋር ተቀመጥኩ።

ከዚያ ዘነበ። አዴ ሩቂያ የሚባሉ የገሰራ ቅቤ ነጋዴ ነበሩ፤ ከኛ ጠፍር ከገዙት አንዷ ናቸው። ከገበያ ሲመለሱ ቁልቁለት ላይ ጠፍሩ ተበጠሰ። ትከሻቸው ተሰበረ። ወሬውን ያመጡት ሌሎቹ ቅቤ ነጋዴዎች ናቸው፤ ሲያወሩም ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

በሚቀጥለው ገበያ ሰዉ በጓሮ ዞሮ ከመኪናው ቀበቶ መግዛት ጀመረ። ገዝቶ በግላስ፣ በኮርቻው ጨርቅ፣ ይሸፍነዋል። ፈረሱ ሲራመድ ግን ዘለበቱ ይንኳኳል፤ የሰማ ሁሉ ወደ ሌላ ያያል። ሐጂ አደም ፊታቸው ጠቁሮ መጡ።

«ቃላችን እየፈረሰ ነው» አሉ። «ቀበቶ የገዛን ሁሉ እንቅጣ። አንድ አንድ በግ ያግባ።»

«ገዢውን ከምንቀጣ ጠፍሩን እንቅጣ» አልኳቸው። «የሠራነውን ሁሉ ውሃ ውስጥ አሳድረን እናድርቀው። ከዚያ ከበሩ በላይ ካለው አግዳሚ ሰው እያየ እንስቀለውና ከባድ ሰው ይንጠልጠልበት። የተለጠጠውንም የተሰነጠቀውንም እዚያው እንቆራርጠው።»

«የመኪናው ሰዎች እያዩ ዕቃችንን ልታዋርድ?»

«እነሱስ የሴትዮዋን ትከሻ አይተው የለ እንዴ?»

ጋሽ በላቸው ቢላዋውን በስለቱ በኩል ይዘው እጀታውን ወደኔ ዘረጉልኝ።

በገበያው ቀን ግዙፍ የሆነ እህል ተሸካሚ ጠራን። መጀመሪያ የተሰቀለው ጋሽ በላቸው የቆረጡት ጠፍር ነው፤ ራሳቸው መርጠው ያመጡት። ሰውየው ሲንጠለጠልበት ጠፍሩ እንደ ሊጥ ተሳበ። ጋሽ በላቸው አውርደው ቆራረጡት። ሁለተኛው ተሰነጠቀ። ሰዉ ከበበን፤ አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ከንፈሩን ይመጥጣል።

የመኪናው ረዳት አንድ የሸራ ቀበቶ ወረወረልን። «ይኼንንስ?» አለ።

ሰቀልነው። ሰውየው ተንጠለጠለ፣ ተወዛወዘ። ቀበቶው ያዘ። አልዋሽም፣ ያዘ። ረዳቱ ጥርሱን ገለጠ።

ቀጥሎ ሙሉ ጊዜውን ከጨረሰ ቆዳ የቆረጥኩትን አነሳሁ። ሰቀልኩት። ሰውየው ተንጠለጠለ፣ ከዚያ ሳልጠይቀው አንድ ጓደኛውን ወገቡ ላይ አንጠለጠለ። አግዳሚው ጮኸ፤ ጠፍሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

ያን ቀን ፈተናውን የወደቀው ጠፍር ካለፈው ይበልጥ ነበር። ለተሰለፈው ሰው ያለውን ሰጥተን ሌላውን «ቆዳው እስኪደርስ ጠብቁን» አልነው። ይጠብቃል ብዬ አላሰብኩም። በሚቀጥለው ገበያ በሩ ላይ ቆሜ መንገዱን አየሁ። የሳነቴ አምባ ብርድ ፊት ይልጣል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ጠፍር ያልደረሰው ሰው ጭነቱን ራሱ ተሸክሞ ፈረሱን እየሳበ በእግሩ ይመጣል። ፈረሶቹ ያለ ኮርቻ ናቸው። ሽማግሌዎች ጭምር። መኪናው መንገድ ዳር ቆሟል፣ ቀበቶዎቹ ተደርድረው ያብረቀርቃሉ፣ በአጠገቡ አልፈው ይሄዳሉ። እንባዬ መጣ።

ከዚያ በኋላ ጉድጓዱን ማንም አላስቸኮለም። ጋሽ በላቸው ጠርዙን ወደ ብርሃን አዙረው ሳያሳዩኝ አንድም ቆዳ አልተቀበሉም።

ገዢዎቹ ቆይተው ዋጋውን መለሱ። መኪናቸው ባዶውን ሲመላለስ እነሱም ደከማቸው መሰለኝ። ሐጂ አደም ሰዉን እዚያው ሜዳ ላይ ሰብስበው ቃሉን ፈቱ። «ከዛሬ ጀምሮ የወደደ የወደደውን ይግዛ» አሉ። ዱዓ ተደረገ፣ ሰዉ ደስ ብሎት ተበተነ። እኔና ጋሽ በላቸው ብቻ ደስ ሳይለን ቆመን ቀረን።

«አሁን ይለያል» አሉኝ።

በሚቀጥለው ገበያ መኪናው ከሱቃችን ፊት ለፊት ቆመ፤ የቀበቶውንም ዋጋ ቀንሶ። በጠዋት ከፈትን። ማንም አልገባም። ሰፊዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ረፈደ።

አንዲት ሴት ፈረስ እየሳቡ መጡ። አንዱ ትከሻቸው ከሌላው ዝቅ ያለ ነው። አዴ ሩቂያ ነበሩ። ሊረግሙን የመጡ መሰለኝ፤ ተነስቼ ቆምኩ።

«አካም ነጋ» አሉ። «የሆድ ጠፍር አለህ?»

«አለ፣ አዴ። እንዴት ነዎት?»

«አልሐምዱሊላህ። ጠርዙን አሳየኝ።»

ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን አዙረው አዩት። ነጣ ያለ መስመር ፈለጉ፤ የለም። ከዚያ አግዳሚውን በአገጫቸው ጠቆሙኝ። ሰቀልኩት። ፈረሳቸውን ለጋሽ በላቸው አስያዙና በደህና እጃቸው ጨብጠው በሙሉ ክብደታቸው ተንጠለጠሉ። እግራቸው ከመሬት ተነሳ። ጋሽ በላቸው ልጓሙን እንደያዙ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

አዴ ሩቂያ ወርደው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ያን ጊዜ የገዛሁት ቃል ስለነበረብኝ ነው» አሉኝ። «ዛሬ ማንም አላዘዘኝም። እሰርልኝ።»

አሰርኩላቸው። ፈረሳቸው ላይ ወጥተው በመኪናው ፊት አለፉ።

ከዚያ በኋላ ቢላዋውን እስካስቀመጥኩበት ቀን ድረስ ያ አግዳሚ ጠፍር ተለይቶት አያውቅም። ለምን እንደሆነ ወጣቶቹ ሲጠይቁኝ የምላቸው ይኸው ነው። ሰው ተቆጥቶ የራሱን አገር ዕቃ አንድ ጊዜ ይገዛል። ሁለተኛ የሚገዛው ዕቃው ከያዘለት ብቻ ነው።