ዝም ብላ ትወጣለች

የያዙኝ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ለፊልም ቀረጻ በተከራየነው ግቢ ውስጥ ነው፤ ጠዋት፣ መብራት እያስተካከልን ሳለ። ሦስት ሆነው መጡ። አልጮሁም፣ አልገፈተሩኝም። አንደኛው ስክሪፕቱን ከወንበሬ ላይ አንስቶ ብብቱ ስር ሸጎጠና «ለጥያቄ ነው፤ ቶሎ ትመለሳለህ» አለኝ። የተመለስኩት ከሰባት ወር በኋላ ነው።

ያሰሩኝ ክፍል ቢበዛ ለስድስት ሰው የሚበቃ ነበር፤ አሥራ ዘጠኝ ሆነን ነበር የምናድርበት። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ በበሩ ስር ይገባል፣ ከላይ የሰው ትንፋሽ ያፍናል። ጠጋ ብለው ቦታ የሰጡኝ ዕድሜ ልካቸውን አማርኛ ያስተማሩ ጡረተኛ ነበሩ። ምን አድርጌ እንደመጣሁ ጠየቁኝ። አንድ የድሮ ፊልም እንደገና እየሠራሁ ነበር አልኳቸው። የትኛውን እንደሆነ ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«እሱን ከባለቤቴ ጋር ሦስት ጊዜ አይተነዋል። ምን ጎደለው ብለህ ነካኸው?»

በድሮው ፊልም ልጇ እስር ቤት የሞተባት እናት፣ ልጇን ያሳሰረውን ሰው በመጨረሻ በሽማግሌዎች ፊት ይቅር ትለዋለች። በእኛው ፊልም ላይ ግን ይቅር አትልም። ከተቀመጠችበት ተነስታ ትሄዳለች።

መርማሪው ከእኔ በዕድሜ ያነሰ፣ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ ሰው ነበር። ስክሪፕቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል።

«ተነስታ የምትሄደው ወዴት ነው?»

«ወደ ቤቷ።»

«ቤቷ ማን ይጠብቃታል?»

«ማንም የለም። ልጇ ሞቷል።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው የምትሄደው?»

ስክሪፕቱን ወደ ራሱ ስቦ «እናቴ የድሮውን ፊልም ባየች ቁጥር ታለቅስ ነበር» አለ። «ሕዝቡ ቂም እንዲይዝ ይቅርታውን አውጣው ያለህ ማነው?»

ከዚያ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠልኝ። ዳር ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ይቅር አትልም። ዝም ብላ ትወጣለች» ተብሎ ተጽፏል። የጻፉት እናቲቱን ሆነው የሚጫወቱት ትልቋ ተዋናይ ናቸው። የበኩር ልጃቸው ከቤት እንደወጣ ከቀረ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለ እሱ አያወሩም። በልምምድ ላይ የይቅርታውን ቃል ደጋግመው ሞክረው ከአፋቸው አልወጣ ሲል እስክሪብቶዬን ተቀብለው ይህንን ጻፉ። እኔም እንዳለ ተቀበልኩት።

«የማን ጽሑፍ ነው?»

«የእኔ።»

ወረቀት ሰጠኝና ያንኑ እንድጽፍ አዘዘኝ። ጻፍኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አየና ወጣ። በእሱ ፋንታ ሌላ ሰው ገባ። ስለዚያኛው ብዙ የምለው የለኝም፤ ዛሬም ድረስ ስልክ በግራ ጆሮዬ አልሰማም። መርማሪው ተመልሶ ሲመጣ «ነገ ጠዋት ደግመህ ትጽፋለህ። ካልተመሳሰለ የጻፈውን ሰው እናመጣለን» አለኝ።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ለመምህሩ በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

«ሴትዮዋ ፊደል የቆጠሩት የት ነው?»

«ቄስ ትምህርት ቤት። ሲያወሩ ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያው ፊደሉን ቀጥ አቁመው ነው የሚጽፉት። አንተ እንደ ዘመኑ ሰው ታጋድመው ይሆናል። እስቲ ጻፍ።»

በጠርሙስ ክዳን ውሃ አደረጉልኝ። ጣቴን እየነከርኩ ሲሚንቶው ላይ መጻፍ ጀመርኩ። የተዋናይቷን ጽሑፍ ዓይኔን ጨፍኜ አስታውሰዋለሁ፤ እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። «የ‹ለ›ን እግሮች አታራርቃቸው» ይሉኛል። «አትቸኩል። ሴትዮዋ ሲጽፉ ቸኩለው ነበር?» አልቸኮሉም ነበር። ፊደሉ ይደርቃል፣ እንደገና እጽፋለሁ። እግር መዘርጊያ በሌለበት ክፍል ማንም ሳያዛቸው ሰዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው የአንድ ክንድ ያህል ወለል ለቀቁልን። እስኪመሽ ጻፍኩ።

«እኔን ብትጠይቀኝ እናቲቱ አሁንም ይቅር ብትለው እመርጣለሁ» አሉኝ መምህሩ በመጨረሻ፣ እጃቸውን በጋቢያቸው እያደረቁ። «ሴትዮዋን ግን አታስነካቸው።»

በማግስቱ ጻፍኩ። መርማሪው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄዶ ረጅም ጊዜ አየው።

«ትናንት ለምን እንዲህ አልጻፍክም?»

«እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ። ያመነኝ አይመስለኝም። ለምን ነገሩን እንዳለፈው እስከ ዛሬ አላውቅም። ከስር «የራሱ ጽሑፍ መሆኑን አምኗል» ብሎ ጻፈና እስክሪብቶውን ሰጠኝ። ፈረምኩ። ተዋናይቷን አላመጧቸውም። መምህሩን በሦስተኛው ሳምንት ከነጋቢያቸው ጠርተው ወሰዷቸው፤ የት እንደደረሱ ጠይቄ የነገረኝ የለም።

እኔ እስር ላይ ሳለሁ ፕሮዲውሰሩ ፊልሙን በሌላ ዳይሬክተርና በሌላ ተዋናይ አስጨረሰው። እናትየዋ ይቅር አለች። በዳይሬክተርነት የተጻፈውን ስሜን ግን ከፊልሙ ላይ አልሰረዙትም።

ከተፈታሁ በኋላ ተዋናይቷን እንጦጦ ፓርክ አገኘኋቸው። ለጉልበታቸው ሐኪም የእግር ጉዞ አዞላቸው ቀስ እያሉ ይሄዱ ነበር። አቅፈው ሳሙኝ፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። ጉልበታቸውን እያሹ «ፊልሙን አየሁት» አሉ። «ይቅር አስባልካት።»

ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር አጠበቅኩ።

«ፈራህ እንዴ ልጄ?»

እኔ አይደለሁም ብላቸው ታዲያ ለምን ያን ያህል አሰሩህ ይሉኛል፤ ስለ ጽሑፋቸው ልነግራቸው ነው። ያኔ ሰባቱ ወርም የጆሮዬ ጉዳትም እሳቸው ላይ ያርፋል።

«አዎ እትዬ፣ ፈራሁ» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጄን ግን አልለቀቁትም።

ተዋናይቷ በዚህ ዓመት ዐረፉ፤ አሁን መጻፍ የቻልኩት ለዚህ ነው። በእኔ እንዳዘኑ መሄዳቸው ይከብደኛል። ፈራሁ ያልኳቸው ግን ውሸት አልነበረም።