አሥረኛው ጎዝ

ከአየር ጤና ተነስቼ በታክሲ ወደ ቤቴል ስሄድ ጭኔ ላይ የጫማ ካርቶን ታቅፌ ነበር። ውስጡ አሥር ጎዝና አንድ ጥንድ ጓንት አለ። አንድ ትምህርት ቤት ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎቹ ስለ ቀዶ ጥገና ሥራ እንድነግራቸው ጋብዞኝ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሐኪሞች መሣሪያ ሳቀብል የኖርኩ ነርስ ነኝ፤ ንግግር ማድረግ ግን አይሆንልኝም። ስለዚህ ጨዋታ ይዤላቸው ሄድኩ።

ካርቶኑ ሆድ ነው አልኳቸው። ደም የምናደርቅባቸውን ጎዞች አንድ በአንድ እየቆጠርኩ ከተትኩ። ሐኪሙ ሆድ ከመዝጋቱ በፊት የገባው ሁሉ መውጣቱን ቆጥራ የምታረጋግጠው ነርሷ መሆኗን አስረዳሁ። ከዚያ አወጣኋቸውና ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። ወሬው ሞቆኝ ስለነበር በቅጡ ሳላይ፣ «አሥር፣ አይደል?» አልኩ።

«አዎ» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

ከኋላ ወንበር አንዲት ቀጭን ልጅ ተነሳች። «ሲስተር፣ ዘጠኝ ነው።»

ገና ሳልመልስ መምህሩ፣ «እንግዳ ይታረማል እንዴ? ቁጭ በይ» አላት።

«ይቅርታ፣ ተሳስቼ ይሆናል» ብላ ተቀመጠች።

ቆጠርኩ። ዘጠኝ። አሥረኛው ካርቶኑ ውስጥ ከተነጠፈው ወረቀት ሥር ተሸጉጧል። ፊት የተቀመጡትን ጠየቅኳቸው፤ እነሱም ዘጠኝ መሆኑን አይተው ነበር። «እርስዎ አሥር ሲሉ ጊዜ…» አለኝ አንዱ እያፈረ። ይሉኝታ ነው። እኔንም ያሳደገኝ እሱ ስለሆነ አልፈረድኩባቸውም።

ላወራው ያላሰብኩትን ያወራሁት ያኔ ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ሌላ ከተማ ሳለሁ፣ አንድ ጎዝ ጎደለብኝ። ሐኪሙ አንጋፋ ነበሩ፤ «ሙሉ ነው፣ እዘጋለሁ» አሉ። ዝም አልኩ። ታካሚዋ ከሳምንታት በኋላ በሕመም ተቆራምዳ ተመለሰች፤ ሆዷ እንደገና ተከፈተ። ተመስገን፣ ተረፈች። እኔ ግን ዝም ማለቴን እስከዚያ ቀን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ልጅቷን ወደ ፊት ጠራኋት። «ይህን ሥራ ትፈልጊዋለሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«በጣም እፈልጋለሁ። ግን ዓይን አፋር ነኝ ሲስተር፣ የምሆን አይመስለኝም።»

ጓንት አጠለቅኩላት። «አሁን ነርሷ አንቺ ነሽ፤ ሐኪሙ እኔ ነኝ» አልኳት። ጎዙን ከወረቀቱ ሥር አላወጣሁትም። ድምፄን እንደዚያ አንጋፋ ሐኪም አጎርንኜ፣ «ሙሉ ነው፣ እዘጋለሁ» አልኩና የካርቶኑን ክዳን ያዝኩ።

መምህሩን አየች። እኔን አየች። ክዳኑን ዝቅ ሳደርገው በእጇ ያዘችው።

«አይዝጉ ዶክተር» አለች ቀስ ብላ፤ «አንድ ይቀራል።»

ዕንባዬ መጣ። ያኔ ጎዙ ሲጎድልብኝ እኔን ያቃተኝ ይህን ማለት ብቻ ነበር።