የአክስቴ እልልታ

ጣና ዳር በተተከለው የኮሌራ ማከሚያ ድንኳናችን በረኪና ሲረጭ አክስቴ ዘይነባ ትዝ ትለኛለች።

ልጅ ሳለሁ፣ በሐይቁ ማዶ ባለችው መንደራችን ይኸው በሽታ ያዘኝ። የጤና ጣቢያው ነርስ አክስቴን «ግሉኮስ አልቋል» አላት።

«አፏ አልተዘጋም እኮ!» አለችው። የሰጣትን የኦአርኤስ ዱቄት ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጥብጣ በማንኪያ ታጠጣኝ ጀመር። ጨው ጨው ይላል። አስመለስሁት።

«አንቺ ስታስመልሺ እኔ እመልስልሻለሁ» አለችኝ። የተቆጣችኝ መስሎኝ አለቀስሁ፤ እንባ ግን አልወጣኝም። እሷም አንድ እጇ ሲዝል በሌላው እየተካች ቀጠለች።

ወደ ማታ፣ «ሽንቴ መጣ» አልኋት።

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ ጤና ጣቢያውን በእልልታ አናወጠችው። ለሽንት እልል መባሉ ያኔ ገረመኝ።

አሁን ነርስ ነኝ፤ ሽንት ሲመጣ የደረቀ ሰውነት ውኃ ማግኘቱን እንደሚያሳይ ይገባኛል። ከድንኳኑ ደጅ ሕመምተኛ የጫነ ባጃጅ ቆመ። ጓንቴን አጥልቄ ወጣሁ።