የኑኃሚን እንቅልፍ

እኔ ሻሺቱ ነገር በሆዴ መያዝ አልችልበትም፤ ስለዚህ ስለ ተከራዬ ስለ ኑኃሚን ያየሁትን እንዳለ እናገራለሁ። ሲቀላ ሰፈር ባለው ግቢዬ ውስጥ ያለችውን አንዲቷን ክፍል ከተከራየች ሦስት ዓመት ሆናት። ዕድሜዋ ሃያ አምስት ቢሆን ነው። ኦቾሎ የሚባል የገጠር መንደር ልጅ ናት፤ አባቷ ገበሬ፣ እሷ የበኩር ልጅ፣ ከቤተሰቡ መጀመሪያ የተመረቀችውም እሷ። አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ የሰው ስም ስትመዘግብ፣ የጠፋ ካርድ ስትፈልግ፣ ወረፋችን ታለፈ ከሚሉት ጋር ስትጨቃጨቅ ትውላለች።

ሥራው ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ልጅቷ ጴንጤ ናት፣ ያውም ዘማሪ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ ልምምድ፣ ረቡዕ የቤት ለቤት ኅብረት፣ ዓርብ የጾም ጸሎት፣ ቅዳሜ ሕፃናት ማስተማር፣ እሑድ ከጠዋት ጀምሮ አገልግሎት። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በማርያምና በሚካኤል ቀን እጄን ሰብስቤ እቀመጣለሁ። “እናንተ የቅዱሳኑን በዓል አናከብርም ብላችሁ ዕረፍቱንም አብራችሁ ጣላችሁት” እያልኩ እቀልድባት ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቅልኝ ነበር። በኋላ መሳቁም ሥራ ሆነባት መሰለኝ፣ ዝም ትለኝ ጀመር።

ምሳዋን ቋጥራ ይዛ ትሄዳለች፣ እንደቋጠረችው ትመልሰዋለች። ልብስ ልታጥብ ተቀምጣ እጇ አረፋው ውስጥ እንዳለ ታንቀላፋለች። ድምፅዋ ሻክሮ አልመለስ አለ። ትንሽ ብታርፊስ ስላት የቤተ ክርስቲያኑ ኮንፈረንስ ይለፍ ትለኛለች። ኮንፈረንሱ ያልፋል፣ ሌላው ይተካል።

አንድ ቅዳሜ የታጠፈ ወረቀት አሳየችኝ። ከመዘምራኑም፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አባልነትም ለቅቄያለሁ ብላ የጻፈችው ደብዳቤ ነው። ሰኞ አስገባዋለሁ አለችኝ። ፊቷ ላይ ንዴት የለም፣ እንባም የለም፤ እሱ ነው ያስደነገጠኝ። ይህች ልጅ ማንም ሳይጣላት፣ በድካም ብቻ ከእምነቷ ልትወጣ ነው! የእኔ ቤተ ክርስቲያን ባይሆንም አንጀቴን በላችው።

በማግስቱ እሑድ አልተነሳችም። ከመጡ የለችም ይበሉልኝ አለችኝ፣ ራሷን ከብርድ ልብሱ ሳታወጣ። የመዘምራኑ መሪ ታዴዎስ ስልኳ ቢዘጋበት ወደ እኔ ደወለ። በሰንበት መዋሸት ከበደኝና “ትንሽ አሟታል” አልኩት። ውሸቱን ያቃለልኩ መስሎኝ ነበር። ምነው ምላሴን በቆረጠው! የለችም ብዬ ቢሆን ዝም ይሉ ነበር፤ አሟታል ከተባለ ግን ማን ይቀራል?

አምልኮው እንዳበቃ አሥራ አራት ሆነው መጡ፤ ሙዝ፣ ዳቦና ጁስ ይዘው። ፍቅራቸውን አልክድም። ግን ሦስቱ አልጋዋ ላይ፣ አምስቱ ወለሉ ላይ፣ የቀሩት በሩ ላይ ሆነው መዝሙር ጀመሩ። እሷስ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ተነስታ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በዚያ በሻከረ ድምፅዋ አብራቸው ትዘምራለች! ደግሞ ላስተናግዳቸው ብላ ብርጭቆ ልትዋስ እኔ ዘንድ መጣች። ስንመለስ ታዴዎስ ጸሎቱን ጨርሶ፣ ኮንፈረንሱ ስለ ደረሰ ሰይጣን እየተዋጋት ነው፣ ስለዚህ ሦስት ቀን እዚሁ ቤቷ እየመጣን እንጾምላታለን እያለ ነበር። ደሜ ፈላ። ልናገር አፌን ስከፍት ጋሽ ሲላስ ቀደሙኝ።

ጋሽ ሲላስ ከልጆቹ ጋር አብረው የመጡ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የጨንቻ ሰው፣ በሽመና ሥራ ያረጁ፣ ብዙ የማይናገሩ።

“ልጄ፣ ምንሽን ነው ያመመሽ?” አሏት።

“አላመመኝም፣ ጋሼ። ደክሞኛል” አለች፣ ብርጭቆዎቹን እንደያዘች። “ሰው ሲደክመው ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እኔ እዚያው ስደክም የት ልሂድ?”

ደብዳቤውን ከመጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አውጥታ ሰጠቻቸው። አንብበው ሲጨርሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

“ሃያ ዓመት ሙሉ ጌታ ያሳርፋል ብዬ ሰብኬያለሁ” አሉ። “እኔ ግን አንድ ሰው አሳርፌ አላውቅም።”

ደብዳቤውን ኪሳቸው ከተቱት። አራት እሑድ አርፋ ሐሳቧ ይኸው ከሆነ፣ ራሳቸው እንደሚያስገቡላት ነገሯት። ከዚያ ሁሉንም አስወጧቸው። ታዴዎስ የጾሙን ነገር ሲያነሳ፣ እየቤታችሁ ጹሙላት አሉት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

የእኔን በርጩማ ተውሰው በሯ ላይ ተቀመጡ። ከሰዓት የሴቶች ኅብረት ሊጠይቅ መጣ፤ ተኝታለች ብለው መለሱት። የሰፈሯ የጸሎት ቡድን መጣ፤ እሱንም መለሱት። እኔ ኩርኩፋ የምንለውን የዱቄት ድብልብል በሃላኮ፣ በሽፈራው ቅጠል ማለት ነው፣ ሠርቼ አቀረብኩላቸውና ድምፃችንን ዝቅ አድርገን በላን። ሸማኔ ማታ ከሥራው ሲነሳ ድሩን እንደሚያላላ፣ እነዚህን ልጆች ግን እንደተወጠሩ እያሳደሯቸው እንደኖሩ አጫወቱኝ። ኑኃሚን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኛች።

በሚቀጥሉት ሦስት እሑዶችም በአምልኮ ሰዓት መጥተው በሯ ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻው እሑድ፣ “ጋሽ ሲላስ፣ በእሷ ምክንያት አምልኮ ቀሩ እኮ” አልኳቸው።

“አልቀረሁም” አሉኝ።

በአምስተኛው እሑድ ሳይመጡ በፊት ተነስታ፣ ታጥባ ጠበቀቻቸው። አብረው ሄዱ። መዝሙሩን ገና አልጀመረችም፤ ክሊኒኩም ያው ክሊኒክ ነው፣ ማታ ስትመለስ አሁንም እግሯን ትጎትታለች። የዚያን ቀን ግን ስድስት ሰዓት ላይ መጥታ ያንን ደብዳቤ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ከጋሽ ሲላስ ተቀብላ ነው። ለከሰልዎ ይሁን አለችኝ፤ እኔም ከሰል አያያዝኩበት።

ስብከቱ ስለ ምን እንደነበር ጠየቅኳት።

“እኔ እንጃ፣ እትዬ” አለችኝ፣ እንባዋ እየወረደ። “ገና ሲጀመር እንቅልፍ ወሰደኝ። ማንም አልቀሰቀሰኝም።”