ከመኪናው ያነሳሁት ወንፊት

ሐዋ ልትመጣ ነው! ጓዟን ጠቅልላ፣ ከገለጉ ከተማ፣ ከአክስቷ ቤት፣ የፊታችን ቅዳሜ። አስራ አንደኛ ክፍልን እዚሁ ኮኪት ከእኔ ጋር ልትማር። ትናንት አባቷ ጋሽ ይማም ከሱቃቸው በር ላይ ጠሩኝና ስልኩን ሰጡኝ፤ ራሷ ነገረችኝ። ስልኩን ሳልመልስ ዘለልሁ። "አንች ልጅ፣ እሱን መጀመሪያ አስቀምጭው!" እያሉ ይስቃሉ ጋሽ ይማም።

ሳቄን ስጨርስ ግን ወረቀትና ብዕር አወጣሁ። ያልነገርሁት ነገር አለኝ። አራት ዓመት ለማንም አልነገርሁም፤ ለእማየ አልነገርሁም፣ ለንስሐ አባታችን እንኳ አልነገርሁም። ባለፈው ዓመት ስለ ክረምት መንገዳችን የጻፍሁት እዚህ የትምህርት ቤታችን ሥነ ጽሑፍ ክበብ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል፤ ሁሉን ጽፌአለሁ፣ ይህን ብቻ ሸሽቼ። እንግዲህ እዚህ ሰሌዳ ፊት ቆማችሁ የምታነቡ ሁሉ፣ ዛሬ እናንተ ስሙኝ።

ያኔ ሰባተኛ ክፍል ነበርን። ሰፈራችን ከኮኪት ወጣ ያለ ነው፤ በእግር አንድ ሰዓት ያስኬዳል። አባየ በአሮጌ ፒክአፑ ሰውና ጆንያ ያመላልሳል፤ ጠዋት ጠዋት እኔንና ሐዋን ጋቢና አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደርሰን ነበር። ኅዳር ላይ መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ መስኮት ከከፈታችሁ አቧራ፣ ከዘጋችሁ እሳት። ነፍሳችን ያለችው ከዳሽቦርዱ ቀዳዳ በሚወጣው ነፋስ ላይ ነበር።

ሰሊጡ ታጭዶ ማሳው ባዶ ሲቀር ደግሞ አይጡ ወደ ሰፈር ይገባል። የቆመ መኪና ለአይጥ ምን ጎደለው? ጨለማ ነው፣ ለብ ያለ ነው፣ ድመት አይደርስበትም። ከፊት መስታወቱ ሥር፣ ከዝናብ መጥረጊያው በታች፣ ነፋሱ የሚገባበት ቀዳዳ አለ። አባየ እዚያ ላይ ወንፊት ሽቦ ቆርጦ አስሮበት ነበር። አመሻሽ ላይ ሞተሩ ሲበርድ ኮፈኑን ያነሳል፤ ሐዋ በግራ እኔ በቀኝ ቆመን የረገፈውን ቅጠል እንለቅማለን፣ ወንፊቱ እንዳልላላ በጣታችን ጫን ጫን እናደርጋለን።

"ጠባቂዎች፣ በሩ ተዘግቷል?" ይላል አባየ።

"ተዘግቷል!" እንላለን። ሐዋ ድምጿን አወፍራ፣ ልክ እንደ ኬላ ፖሊስ።

ያን ወንፊት ያነሳሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የፈታሁት። እዚህ ላይ ቆሜ ልድገመው፤ እኔ ነኝ።

ለምን? ለደብተር። ሐዋ ሽፋኑ ጠንካራ፣ አበባ የተሳለበት ደብተር ነበራት፤ እኔም አማረኝ። ኮኪት ካለው መጋዘን አጠገብ ሰሊጥ ሲጫን የሚፈሰውን ጠርገው፣ አፈሩን ነፍተው የሚሸጡ ልጆች አይቼ ነበር። እማየ ደግሞ "ከጭነት መኪና ጎማ ሥር ስትልከሰከሽ ባገኝሽ ውርድ ከራሴ!" ብላኛለች። የቤቱን ወንፊት ብወስድ ታውቅብኛለች። አባየ ወባ ይዞት ሲተኛ መኪናው ደጅ ቆመ፤ የእሱን ወንፊት ፈታሁ። አፈሩን አሳልፎ ሰሊጡን ሲያስቀር ብታዩት! በመጀመሪያው ጥርጊያ ደብተሩን ገዛሁ። ያም ይበቃኝ ነበር። አልበቃኝም። ሁለተኛውን ጠርጌ፣ ነፍቼ፣ በፌስታል ቋጥሬ መኪናው ውስጥ፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ወሸቅሁት። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፤ ሌላ የት ልደብቀው? የአይጡን በር ከፍቼ፣ ምግቡን ውስጥ አስቀመጥሁለት ማለት ነው። ከዚህ በላይ ግብዣ አለ?

በዚያው ምሽት ሐዋ እንደ ልማዷ መጥታ ወደ ነፋሱ ቀዳዳ እጇን ሰደደች። "ወንፊቱስ?" አለች።

"አባየ ሊቀይረው አንስቶት ነው" አልኋት። አመነችኝ። ወንፊቱ ግን ስነፋበት ጠምዝዤው አልገጥም ብሎኝ ከፍራሼ ሥር ተኝቷል።

በአራተኛው ቀን አባየ ተነሳ። ጋቢና ገባን፣ መስኮቱን ዘጋን፣ ነፋሱን ከፈተው። ድርርር አለና የተቦጫጨቀ ወረቀት፣ ጭድ፣ ጸጉር ፊታችን ላይ ተበተነ። ሐዋ በሳቅ ፈነዳች። "ጋሽ ማሩ፣ መኪናዎ ዶሮ በላ እንዴ?" አባየም ሳቀ። ለመጨረሻ ጊዜ ሦስታችን አብረን የሳቅነው ያኔ ነው። ወዲያው የተቃጠለ ሽታ መጣ፣ ጭስ መጣ፣ መኪናው መንገድ ላይ ቀጥ አለ። አባየ ወርዶ ለመካኒኩ ሲደውል፣ ሐዋ ጀርባዋን ሰጥታ አይኗን ስትጠርግ፣ እኔ የተቦደሰውን ፌስታል አውጥቼ ማሳው ውስጥ ወረወርሁት። አያችሁ? ልጅነት ነው እንዳትሉልኝ። አስቤበት ነው ያደረግሁት።

መካኒኩ ከኮኪት መጣ። የነፋሱን ማራገቢያ ፈታትቶ ጎጆውን ከነአይጧ ሲያወጣው "ይሄማ መኪና አይደለም፣ የአራስ ቤት ነው" አለ። ከጎጆው መሃል አንድ የለውዝ ልጣጭ ወደቀ።

ለውዝ ከሐዋ ኪስ ጠፍቶ አያውቅም።

"ይሄ የማን ነው?" አለ አባየ። ትኩሳቱ ገና አልለቀቀውም፣ አይኑ ቀልቷል።

"የእኔ ይሆናል፣ ጋሽ ማሩ" አለች ሐዋ።

"ወንፊቱንስ ማን ፈታው?"

ሐዋ ወደ እኔ ዞረች። 'አባየ ነው ያነሳው' ብያት ነበር፤ አባየ ደግሞ ማን እንዳነሳው እየጠየቀ ነው። ገባት። ፊቷ ላይ ሲገባት አየሁ። እኔ እንድናገር ጠበቀችኝ። እኔም ተናገርሁ።

"እሷ ናት የፈታችው።"

ሦስት ቃል። ብዙ ጽፌአለሁ፣ እነዚህን ሦስቱን ግን የሚያህል አልጻፍሁም። ሐዋ አፏን መክፈት ትችል ነበር። አልከፈተችም። ለምን ዝም አለችልኝ?

"ከዛሬ ጀምሮ ጋቢናየ ውስጥ እንዳላይሽ" አለ አባየ። ጋሽ ይማም ሲሰሙ ሊለምኑት አልመጡም፤ ኩሩ ናቸው። "አብሽሪ ልጄ፣ አላህ እግር ሰጥቶሻል" አሏት አሉ። በእግሯ ተመላለሰች። መኪናው ከተሠራ በኋላ መስኮት ዘግተን፣ ነፋሱ ፊቴን እያቀዘቀዘው እናልፋታለን። አቧራው ሲደርስባት በሻሿ ፊቷን ሸፍና ጥግ ትይዛለች። አንድ ቀን ስናልፋት እጇን አነሳች። ሰላም ልትለኝ ነው ወይስ አቧራውን ልትከላከል? እኔ ግን አጎንብሼ ጫማየን አየሁ። ሁለት ወር እንዲህ አለፍኋት። ከዚያ አክስቷ ዘንድ ገለጉ ላኳት፤ "እዚያ ትምህርት ቤቱ ደጃፋቸው ነው" ተባለ።

እንዴት እንደናፈቀችኝ በምን ልጻፈው? ጋቢና ውስጥ የእሷ ቦታ ላይ ቦርሳየን አስቀምጬ አላውቅም። መቀመጫው ስንጥቅ ውስጥ የለውዝ ልጣጭ ሳገኝ አልጥለውም። ዛሬ በሰፈራችን ወንፊት የማስረው እኔ ነኝ፤ ሌሎች ሹፌሮች እንኳ "አያል፣ እስኪ የእኛንም እይልን" ይሉኛል። ሽቦውን ሁለት ድርብ አድርጉት፣ ከአገዳ ክምር አጠገብ አታቁሙ፣ መኪናው ውስጥ እህል አታሳድሩ እላለሁ፣ እንደ አዋቂ። አባየ ማታ ማታ "ጠባቂ፣ በሩ ተዘግቷል?" ሲል ብቻየን "ተዘግቷል" እላለሁ፣ ወፍራሙን ድምፅ በጆሮየ እየጠበቅሁ። ግን ወንፊት ማሰር ይቅርታ መጠየቅ ነው እንዴ? አይደለም።

እዚህ ላይ ስደርስ አባየ ደጅ ኮፈኑን ሲያነሳ ሰማሁት። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ፤ ቆሜ ሁሉንም አነበብሁለት። ሦስቱን ቃላት ሁለቴ ደገምሁለት። አባየ ኮፈኑን በእጁ ደግፎ ቆሞ ቀረ። ይጮህብኛል ብየ ነበር። "አራት ዓመት" አለ። ኮፈኑን ዘጋና፣ "እኔስ ምን ልበላት?" አለኝ። ገብቼ ይህን ጨመርሁ።

ሐዋ፣ ልጅ ነበርሁ አልልሽም፣ ፈራሁ አልልሽም። በአንች ላይ የዋሸሁት አውቄ ነው።

እናንተ ደግሞ፦ ቅዳሜ ምሳ ጋሽ ይማም ቤት ነው። "የምትወጃቸውን ሁሉ ጥሪ፤ የክርስቲያኑ ለብቻው በእናትሽ እጅ ይሠራል" ብለውኛል፣ ገና ምንም ሳያውቁ። አባየ ሐዋን ከመናኸሪያ በዚያው ፒክአፕ ያመጣታል፤ ጋቢና። እኔ የጠመዘዝሁትን ወንፊት ይዤ በር ላይ እጠብቃታለሁ፣ ይህንንም ከምሳው በፊት በሁላችሁ ፊት አነብላታለሁ። ስሟን ሳጠፋ ሰው ሰምቷል፤ ስመልስላትም ሰው ይስማ። ስለዚህ ተጠርታችኋል። አትቅሩ፣ ቀደም ብላችሁ ኑ።