ወንድሜ አልፎ የሚመለስባቸው ቦታዎች

ይህ የገጠመኝ አምና የአሥረኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት ስጠብቅ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጸጋዬ ከሞተ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ግን ከአእምሮዬ ስላልወጣ ልሞክር።

ጸጋዬ ቦንጋ አጠገብ ባለው ማንኪራ ደን ውስጥ ለአንድ ጥናት እየዞረ ዛፍ ይመዘግብ ነበር። የጥናቱ ሠራተኞች ሁሉ የሄዱበትን መንገድ የሚይዝ ጂፒኤስ በኪሳቸው ይዘው ይዞራሉ። በጎን ደግሞ የራሱን ቀፎዎች ዛፍ ላይ ሰቅሏል። ሌባ ስለሚፈራ ቦታውን ለማንም አልተናገረም። ሕመሙ ሁለት ቀን ብቻ ቆየ። ለመናገር ጊዜ አላገኘም።

እናታችን "ለልጄ ተዝካር በሰው ማር ጠጅ አልጥልም" አለች። አርባው እየቀረበ ነበር። ንብ አናቢው ጎረቤታችን ጋሽ ወልዴ ከእኔ ጋር አራት ቀን ጫካውን ዞሩ። ያገኘነው የሌላ ሰው ቀፎ ብቻ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ቦንጋ ወደሚገኘው የጥናቱ ቢሮ ሄድኩ። ኮምፒዩተር ላይ የምትሠራው ትዕግሥት የምትባል ልጅ ናት።

"የሦስት ዓመት ጉዞ ሁሉ እዚህ አለ" አለችኝ። "ግን ጠዋት ያገኙትን ጂፒኤስ ነው የሚያነሱት። የማን ጉዞ እንደሆነ አይታወቅም።"

መጀመሪያ ብዙ የተቆመባቸውን ቦታዎች እንዲፈልግ ኮምፒዩተሩን አዘዘችው። ሻይ ጠጥተን ስንመለስ ገና ይፈልግ ነበር። በመጨረሻ ካርታው በነጥብ ተሞላ።

"ምሳ የበላው፣ የተኛው፣ ለሽንት የቆመው ሁሉ ወጣልህ!" ብላ ሳቀች። ወዲያው ፊቴን አይታ ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። "ወንድምህ ወደ ቀፎ ሲሄድ እንዴት ነው የሚሄደው?"

ልጅ ሆኜ አብሬው ስሄድ የነበረውን አስታወስኩ። ዛፉን እንዳላየ ያልፈዋል። ትንሽ ሄዶ ይቆምና የተከተለው ሰው እንዳለ ያዳምጣል። ከዚያ በመጣበት ይመለሳል። ዛፉ ላይ ሊወጣ ሲል በኪሱ ያለውን ሁሉ ከሥሩ ያስቀምጣል። ይህንኑ ነገርኳት።

"ታዲያ ይኼን አትነግረኝም! የሚቆም ሰው ብዙ ነው። አልፎ የሚመለስ ግን ጥቂት ነው። ከጥቂቱ እንጀምር።"

አልፎ ያልተመለሰውን ጉዞ ሁሉ እንዲተወው ኮምፒዩተሩን አዘዘችው። ከቀረው ውስጥ ጂፒኤሱ መሬት ላይ ምንም ሳይነቃነቅ የቆየበትን ብቻ እንዲያወጣ። እጇን ሳታነሳ መልሱ መጣ። ሰባት ነጥብ።

ስክሪኑን ተጠግቼ አየሁት። ስም የለውም፣ ፊት የለውም። አካሄድ ብቻ ነው። ግን ወንድሜ ነበር።

ስድስቱ ደን ውስጥ ነበሩ። ጂፒኤስ ተውሰን ከጋሽ ወልዴ ጋር ሄድን። በስድስቱም ቀፎ አለ። ጋሽ ወልዴ ከአንዱ ዛፍ ሥር ቆመው ቀና አሉና ቆባቸውን አወለቁ።

"በዚህ ሥር ሦስቴ አልፈናል እኮ! ይኼ ልጅ ሞቶም ያታልለኛል" አሉ። ከዚያ አለቀሱ።

ሰባተኛው ቦንጋ ከተማ ውስጥ ነው። ስህተት መስሎኝ ነበር። ስሄድ የትምህርት ቤታችን አጥር ሆኖ አገኘሁት። ከክፍሌ መስኮት ፊት ለፊት አንድ ድንጋይ አለ። ጸጋዬ ትምህርቱን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠው እኔ እንድማር ብሎ ነው። ግን ወደ ትምህርት ቤቱ ብቅ ብሎ ስለማያውቅ፣ ስለ ትምህርቴ ግድ የለውም እል ነበር።

ዘበኛውን ጠየቅኳቸው።

"ያ ረጅሙ? ቦንጋ ሥራ በመጣ ቁጥር እዚህ ይቀመጥ ነበር። አልፎ ሄዶ፣ ደግሞ ይመለሳል። ዕቃውን ከጎኑ ያኖርና በመስኮት አንተን ያያል። 'እንዳይነግሩት፣ ያፍራል' ብሎኛል" አሉኝ።

ተዝካሩ በራሱ ማር ወጣ። ትዕግሥት ኮምፒዩተሩ እንዴት እንዳገኘው ደጋግማ አስረድታኛለች። ገብቶኛልም። መገረሜ ግን አልቀነሰም። ከዚያ ሁሉ ሰው እርምጃ መካከል የእሱ ብቻ ተለይቶ ወጣ።

የሚከነክነኝ አንድ ነገር ነው። እኔ ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ፣ ተኝቼ አይቶኝ ይሆን?